የእማዬ አውራ ጣቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሶልያና ፊቷን ታጥባ ስትወጣ አብሯት ከመታጠቢያ ቤቱ የወጣው ሽታ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ከቆምኩበት አንስቶ ካዛንቺስ፣ የድሮ ግቢያችን ቧንቧ አጠገብ አቆመኝ። የድኝ ሽታ ነበር። ያ ክብሪት ተጭሮ ሲጠፋ የሚሸተውን የሚሸት ቢጫ ሳሙና እስከ ዛሬ መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ ልጄ ግን ስልኳ ላይ አይታ፣ "ማሚ፣ ለወዛም ፊት አሪፍ ነው አሉ፣ ማለቴ ትራይ ላርገው በቃ" ብላ ገዝታ ከጠርሙሶቿ ጎን አስቀምጣዋለች። የጠርሙሶቹን ስም እንኳን ይዤ አልዘልቀውም፤ አንዱ ማጠቢያ ነው፣ አንዱ ጠብ ጠብ እየተደረገ የሚቀባ፣ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ደግሞ ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ የሚደረግ። አንዱን ቀብታ ሌላውን እስክታስከትል ድረስ ፊቷን ወደ ላይ አንጋጣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ የምትነቃነቅ አይመስለኝም።

አልስቅባትም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊቷም የኔው የድሮ ፊት ነው፤ ጠዋት የታጠበችው ግንባር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዘይት የነካው ይመስላል፣ አገጯ አንድ ሳምንት ጸድቶ በሚቀጥለው ይፈላል። የማወርሳት መሬት የለኝም፤ ያወረስኳት ይሄንኑ ነው።

በረንዳው ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እማዬ ፀሐይ ትሞቃለች። የካዛንቺሱ ቤት ለልማት ፈርሶ እኛ ጋ ከመጣች ወዲህ ቦታዋ እሱ ነው። ሐሳቧ መሸሽ የጀመረው ከዚያ በፊት ቢሆንም ቤቱ እያለ ግድግዳውም ደጃፉም ያስታውሷት ነበር፤ እዚህ የሚያስታውሳት ነገር የለም። አንዳንድ ቀን በስሜ ሂሩት ብላ ትጠራኛለች፣ አንዳንድ ቀን የሞተችው እህቷ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሻይ ሳቀብላት "አንቺ የሰው ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ" እያለች የምትመርቀኝ አንዲት ደግ ሴትዮ ነኝ። ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው።

ሶልያና ያንን ሽታ ይዛ በፊቷ ስታልፍ እማዬ ቀና አለች። ከልጅቷ አፍንጫ ጎን፣ ከጉንጯ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ላይ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንዲት ብጉር ወጥታለች፤ ቀይ፣ ጠጣር፣ ጫፏ ገና ያልነጣ። እማዬ የገዛ ልጇን መለየት በሚያቅታቸው በእነዚያ ዓይኖቿ፣ ያለ መነጽር፣ ያቺን ብጉር አየቻት። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጣቶቿ እየሳበች፣ "ነይ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ" አለቻት።

ክው አልኩ። ያንን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ለምን እንዲያ እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ግቢያችንን ማሳየት አለብኝ።

ግቢያችን ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ መኪና ከመኪና በማይተላለፍበት ቅያስ ውስጥ ነበር። የቀበሌ ቤቶች ናቸው፣ ከጭቃ የተሠሩ፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሌላው ቤት "ይማርህ" ይላል። መሃል ላይ አንድ ቧንቧ አለ፣ ፊት የሚታጠበው እዚያ ነው፣ ፊት በታጠበ ቁጥር ደግሞ አስተያየት አለ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ቤታችን ውስጥ ያለነው እማዬና እኔ ብቻ ነን፤ ብቻ መሆን ግን በዚያ ግቢ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ፊቴን ብጉር ወረረውና ግቢው በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጠዋት ከሰው ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ምራቅሽን ቀቢበት ትላለች፣ ሌላዋ ሎሚ በጨው፣ ሌላዋ እሬት፣ ሌላዋ የእንቁላል ነጭ፤ የጥርስ ሳሙና ነጥብ ነጥብ አድርጌ አድሬ፣ ረስቼው ከነነጠብጣቡ ትምህርት ቤት የገባሁበት ቀንም አለ፣ ሰልፍ ላይ የተሳቀውን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ። በሩ ላይ ሱቅ የነበራቸው ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ሰጥተውኝ፣ ማሩ ጥሩ ማር ስለነበር፣ በላሁት። የሰፈሩ ጎረምሶች ደግሞ ሳልፍ "ማን አስቦሽ ነው?" ይሉኛል፤ ብጉር የሚወጣው የሚያስብ ሰው ሲኖር ነው ይባላላ። እንደዚያ ከሆነማ እኔን የሚያስበኝ አንድ ክፍለ ጦር ነበር።

ያልተወነጀለ ነገር የለም፤ ኦቾሎኒ፣ ስኳር፣ ፀሐይ፣ ጥናት፣ ሐሳብ። ማንም ያልጠረጠረው ቅቤውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ጸጉሬን ለጋ ቅቤ ትቀባኝና በፌስታል ጠቅልላ፣ በሻሽ ሸብ አድርጋ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠኛለች። ቅቤው ይቀልጥና በግንባሬ፣ በጆሮ ግንዴ፣ በጉንጬ ኮለል እያለ ይወርዳል፤ እሷም "ፊትሽንም ያለሰልሰዋል" እያለች የወረደውን በመዳፏ ታዳርሰዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ቅቤው ሥራውን ይሠራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ቅቤ ከመቀባቷ በፊት የበቀለውን ትለቅማለች። በገዛ እጇ የዘራችውን በገዛ እጇ ታጭድ ነበር፤ ያኔ ግን ለሷም ለኔም ሁለቱም ደግ ሥራ ነበሩ።

ለቀማው ወግ ነበረው። ደጃፋችን ላይ በርጩማዋን ታወጣለች፣ እኔ መሬት ላይ በጉልበቶቿ መሃል እቀመጥና ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ጣል አደርጋለሁ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በዚያ የድኝ ሳሙና ፊቴን ታጥበኛለች፤ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት አውራ ጣቶቿ ላይ ጠምጥማ፣ "ወደ ብርሃኑ ዙሪ" ትላለች። እዞራለሁ። ከእግዜር ፀሐይና ከእናቴ ፊት ሌላ ምንም አይታየኝም። ለጥርሷ ሕመም የምትይዘው ቅርንፉድ ከትንፋሿ ጋር ይሸተኛል፤ ልታፈርጥ ስትል ትንፋሿን ስለምትይዝ ሽታው ቀጥ ይላል፣ በዚያ አውቄ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሲያበቃ በጥጥ አረቄ ነካ ታደርግበታለች፣ ያ ያንጨረጭራል፣ እሷም እንደ ትኩስ ሾርባ እፍ እፍ ትለዋለች።

እማዬ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጣ የምታወራ ሴት አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ ናት፣ ስታወራም ለመኪናው እንጂ ለሰው አይመስልም። ቅዳሜ ግን፣ ጣቶቿ ፊቴ ላይ ሆነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያኔ ታወራኛለች። አባቴ እንዴት እንደሞተ የነገረችኝ ግንባሬን እየለቀመች ነው። ሴት ስሆን ምን እንደሚመጣብኝ፣ ከወንድ ምን እንደምጠብቅና ምን እንደማልጠብቅ፣ እሷ ራሷ በኔ ዕድሜ ማንን ትወድ እንደነበር፣ ሁሉንም የሰማሁት ጭኗ ላይ ተጋድሜ ነው። ያመኝ ነበር፣ አዎ፣ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ እጓጓ ነበር።

እጇ ስም ስለነበረው የግቢው ልጃገረዶችም ተራ ይዘው ይመጡባት ነበር። አንዲት ሕግ ነበረቻት፤ ጫፉ ያልነጣ አይነካም። "ያልበሰለ አይቆረጥም" ትላለች፤ የመጣችውን ሁሉ በዚህ ሕግ ትመልሳለች፣ ብትለማመጣትም አትሰማትም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ የአክስቴ ልጅ አስቴር ልታገባ ሆነና እኔን ሚዜ አደረገችኝ። አክስቴ ሀብታም ናት፣ ሠርጉ ስታዲየም አካባቢ በትልቅ አዳራሽ ነው፣ ሚዜዎቹ ሮዝ ቀሚስ እንለብሳለን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቪዲዮ ይቀረጻል። እማዬን ይሄ ቪዲዮ እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ሞቶባት በስፌት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ዘመዶቿ ቁጭ ብለው ደጋግመው የሚያዩት ነገር ላይ ልጇ ጎድሎባት እንድትታይ አልፈለገችም። ቀሚሴን ራሷ ሰፍታ፣ አፍርሳ፣ እንደገና ሰፋችው።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሐሙስ ማታ አፍንጫዬ ጎን አንዲት ብጉር ብቅ አለች። ዓርብ ጠጠረች። ቅዳሜ ጠዋት እንደ በርበሬ ቀልታ፣ ስስቅ እያመመችኝ፣ ጫፏ ግን ምንም ሳይነጣ ተነሳሁ። እማዬ ደጃፉ ላይ አገጬን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "አልበሰለችም" አለችና ገባች። እፎይ ብዬ ቀሚሱን ለብሼ ለእትዬ ከድጃ ላሳያቸው ወጣሁ፣ ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየኝ፣ ዞርኩላቸው፣ አጨበጨቡልኝ። እማዬ ከበሩ ላይ ሆና ታየኛለች። ቀሚሱን ሳይሆን አፍንጫዬን ነበር የምታየው።

በርጩማውን አወጣች። መርፌ በክብሪት እየለበለበች ነበር። እማዬ መርፌ ይዛ አታውቅም፣ ማለቴ ለጨርቅ እንጂ ለፊት። "ነይ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪ" አለችኝ፤ ድምጿ የቅዳሜ ድምጿ አልነበረም። ዞርኩ። ቅርንፉዱ ሸተተኝ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ያንን ሕመም አልገልጸውም። የወጣው ደም ብቻ ነው፤ እንደገና ጫነችው፣ አሁንም ደም። እንደገና። "እምቢ አለ" ብላ ተወችው። አረቄውን ስታደርግልኝ እፍ አላለችኝም፣ ረሳችው።

ማታ ጉንጬ ከበደኝ። እሑድ ጠዋት ቀኝ ዓይኔ አልከፈት አለ። እብጠቱ ከከንፈሬ ተነስቶ ቅንድቤ ደርሷል፣ ሰውነቴ እንደ ምጣድ ይጋላል፣ ከዓይኔ ጀርባ፣ ከውስጥ፣ አንድ ነገር ይወቅረኛል። ግቢው ሲያየኝ በአንድ አፍ ፈረደ፤ ዓይን ነው። ትናንት ሮዝ ለብሳ ስትዞር ማን ያላያት አለ፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ አይቷታል። አንዷ ጸበል ልታመጣ ሮጠች፣ አንዷ ጤና አዳም አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ፣ ሌላዋ ማን ምን ብሎ እንዳደነቀኝ ትቆጥራለች፣ አንድ የማይወዱትን ሰው ስምም ማንሳት ጀምረዋል። እማዬ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከግርግሩ መሃል ዝም ብላ ቆማለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬ እናት ሆኜ ይገባኛል። ዓይን ነው ከተባለ እሷ ነፃ ናት። ሰው ሁሉ ነፃነቷን በእጁ ይዞ እያቀረበላት ነበር፤ ዝም ብትል ይበቃ ነበር።

እኔ፣ "እማዬ፣ ራሴን ያመኛል፣ አንቺም ትደበዝዥብኛለሽ" አልኳት፣ በደህናው ዓይኔ እያየኋት።

"ዓይን አይደለም፤ እኔ ነኝ" አለች እማዬ። "ሳይበስል የነካሁት እኔ ነኝ። መኪና ፈልጉልኝ።"

የእትዬ ከድጃ ባል ጋሽ ሙዘይን የታክሲ ላዳ ነበራቸው። ላዳዋ እንደ ወትሮዋ አልነሳ አለች፣ የግቢው ሴቶች በየቀሚሳቸው እየገፉ አስነሷት፣ እኔን ከኋላ አስተኝተው ቅያሱን መውረድ ስንጀምር ከታች ክላክስ እያንባረቀ፣ ሪባን ተጠምጥሞበት፣ አበባ ለብሶ የሚዜዎቹ መኪና መጣ። እኔን ሊወስድ ነው የመጣው። ቅያሱ ለሁለት አይበቃም። ጋሽ ሙዘይን እጃቸውን በመስኮት አውጥተው "ተመለስ" ይላሉ፣ ሹፌሩ ጨዋታ መስሎት ክላክሱን ያንባርቃል፣ ልጆቹ ውስጥ ሆነው ያጨበጭባሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩ በመስኮት ወጥቶ ይቀርጻል። እማዬ ወረደች። በነጭ ቀሚሷ ሄዳ የዚያን ያጌጠ መኪና ኮፈን በሁለት መዳፏ መታችው፤ አበባው ረገፈ። "ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ መልሰው" አለችው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ጸጥ ብሎ መኪናው በኋላ ማርሽ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወረደ፣ እኛም ፊት ለፊቱ እየተከተልነው ወረድን። የአስቴር ሠርግ ቪዲዮ ላይ እኔ የለሁም፤ እማዬ ግን ነበረች፣ መኪና ስትመታ። አክስቴ በኋላ አስቆረጠችው።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። እብጠቱን ነካ ነካ አድርጋ፣ "ይሄን ማነው ያፈረጠው?" አለች። "እኔ ነኝ" አለች እማዬ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም፣ ብትቆጣት ይሻል ነበር። ከአፍንጫና ከከንፈር አካባቢ የሚነሳው የደም ሥር ወደ ጭንቅላት ውስጥ መንገድ እንዳለው፣ ብጉሩ ሲጫን መግሉ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደዚያ ሊሄድ እንደሚችል፣ አሁን መድኃኒቱ በመርፌ እንደሚገባና ዓይኔ ይትረፍ አይትረፍ፣ እኔም ልትረፍ አልትረፍ ጠብቆ ማየት እንደሆነ፣ አንድ በአንድ አስረዳቻት። እማዬ እያንዳንዱን ቃል አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች የማስታውሳቸው በአፍንጫዬ ነው፤ የአልኮል፣ የበረኪና፣ ጎረቤት ይዞት የሚመጣው የአጥሚት ሽታ። እማዬ ከአልጋዬ ራስጌ ወንበር ላይ ነበረች፤ የሠርግ ቀሚሷን ለመቀየር ወደ ቤት ሂጂ ሲሏትም እምቢ ብላ ጋቢ ደርባበት ተቀምጣ ነበር። ዓይኔ በመጨረሻ ስንጥቅ ያህል የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ክንዶቿን አጣምራ እጆቿን ብብቶቿ ስር ቀብራቸዋለች፣ ብርድ ሳይኖር። "እማዬ፣ ታይቶኛል" ስላት እንባዋ ዝርግፍ አለ፣ ከወንበሯም ተነስታ መጣችብኝ፣ እጇ ግን ከብብቷ አልወጣም። ትከሻዬ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች።

ዳንኩ። አፍንጫዬ ጎን ምስር የምታክል ጎድጓዳ ጠባሳ ቀረችኝ፣ በቃ። ቆዳ ክፍል ስንቀርብም ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ቀላልነቱ ያናድድ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ለስላሳ ሳሙና፣ አለመፈተግ፣ ሎሚም አረቄም ማቆም፣ ቅቤውን ከፊት ማራቅ፣ አለመንካት፣ ወራት መታገስ። ቅቤው ሲባል እማዬ አንገቷን ደፋች። ብጉሩ ቀስ በቀስ ተወኝ። እሷም ተወችኝ፣ ማለቴ እጇ።

የግቢውን ልጃገረዶች "እጄ ዝሏል" ብላ መለሰቻቸው። ቅዳሜ በርጩማው ይወጣል፣ ግን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙራ ጸጉሬን ከኋላ በማበጠሪያ ነው የምትነካኝ። ወሬውም አብሮ ቀረ፤ ለካ እሷ ማውራት የምትችለው ጣቶቿ ፊቴ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነበር። ሳገባ ሰው ሁሉ ጉንጬን አገላብጦ ሲስመኝ እናቴ የሳመችኝ ትከሻዬን ነው። ሶልያናን ስወልድ ገላዋን አጠበችልኝ፣ እግሯን ሳበችልኝ፣ ጀርባዋን አሸችልኝ፤ አያቶች እንደሚያደርጉት አፍንጫዋን እንድታቃናላት ስጠብቅ ግን ልጄን በፎጣ ጠቅልላ "ፊቷን አንቺ" ብላ አቀበለችኝ። አንድ ቀን ደፍሬ እጇን ይዤ ጉንጬ ላይ ላሳርፈው ስል የጋለ ድስት እንደነካ ሰው ነጠቀችኝ። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ጠባሳውን አንድም ቀን አዝኜበት አላውቅም። ያኮረፍኳት እጇን ስለነፈገችኝ ነው፣ ክፉኛም አኩርፌያት ነበር፤ አንድ ጊዜ ስለሳተች ዕድሜ ልኬን የቀጣችው እኔን መስሎ ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳው ላይ የሆነው ይሄ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ብብቷ ስር የተቀበረው እጅ ወጥቶ፣ አውራ ጣቶቹ ላይ ነጠላ እየጠመጠመ፣ ወደ ልጄ ይዘረጋል። ፊት ላለመንካት በልቧ የማለችውን መሐላ የጠበቀው ትዝታዋ ነበርና ትዝታው ሲሄድ መሐላውም ሄዷል። ሶልያና ምንም አታውቅም፤ "እማማ፣ ምን አዩብኝ ደግሞ?" እያለች፣ ጎንበስ ብላ፣ ያንን ጠጣር ብጉር ለአያቷ ታቀርብላታለች። ብርጭቆዬ የት እንደወደቀ አላውቅም፣ ሶልያናን በትከሻዋ ጎትቼ መሃላቸው ገባሁ።

"እማዬ፣ መጀመሪያ የኔን እዪልኝ" አልኳት።

መሬት ላይ፣ በጉልበቶቿ መሃል ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ እኮ። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ጣል አደረግኩ። ያ ጭን አጥንት ብቻ ሆኗል። "ወደ ብርሃኑ ዙሪ" አለችኝ፣ በቅዳሜ ድምጿ፣ ዞርኩም። ጣቶቿ ግንባሬ ላይ አረፉ። ደርቀዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ መንገዱን ግን አልረሱትም፤ ከግንባሬ ወደ ጆሮ ግንዴ፣ ከጆሮ ግንዴ ወደ ጉንጬ ወረዱ፣ እየፈለጉ። ቅርንፉዱ የለም፣ የምትውጠው መድኃኒት ነው የሚሸተኝ። "ንጹሕ ነው" ትላለች እየደጋገመች፣ ቅር ያላት ትመስላለች። እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ እንዳታቆም ፈርቼ አልጠረግኩትም።

ከዚያ አውራ ጣቷ አፍንጫዬ ጎን ደረሰና ጎድጓዳዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ካስታወሰች እጇን መልሳ ትነጥቀኛለች፤ ይሄንን እያሰብኩ፣ እንዳታስታውስ እግዜርን ለመንኩ፣ የገዛ እናቴ እንዳታስታውሰኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"የድሮ ነው።"

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ሁለት ጊዜ በሰው ፊት የመለሰችው ጥያቄ ነው። "ወድቄ ነው" አልኳት።

ከንፈሯን መጠጠች። ጣቷ ጠባሳውን ዙሪያውን ቀስ አድርጎ ይዞረዋል፣ እንዳያመኝ የፈራ ይመስላል። ቆይታ፣ "እናትሽ የት ነበረች?" አለችኝ።

ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ነበር፣ ፊቷን ማየት አልቻልኩም። "አጠገቤ ነበረች" አልኳት። "ተለይታኝ አታውቅም።"

"ተባረኪ በያት" አለችና፣ ጎንበስ ብላ፣ ጠባሳው ላይ እፍ አለችበት።

የፈረሰውን ግቢያችንን ባለፈው ወር ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አስፋልት ሆኗል፣ ቧንቧው የት እንደነበረ እንኳ መለየት አልቻልኩም፣ ተመልሼም አላለቀስኩም። የጠፋብኝን ያወቅኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። የእናቴ እጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መጣልኝ፣ እናቴ ግን አብራው አልመጣችም፤ እሷ እያለች እጇ አልነበረም፣ እጇ ሲመጣ እሷ የለችም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘኋቸው በዚያ ደጃፍ፣ በልጅነቴ ቅዳሜዎች ብቻ ነው።

ሶልያና ወደ ውስጥ ገብታ ብጉሯ ላይ ያቺን ነጥብ መድኃኒት አድርጋ፣ ፊቷን አንጋጣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። እኔ ፀሐዩ ከበረንዳው እስኪዞር ድረስ አልተነሳሁም።